አርኤንኤ ብቻውን ጂን ያጠፋል እንዴ? ሪቦስዊችና ሳይክሊክ ዲ-ጂኤምፒ ግራ አጋብተውኛል

የማይክሮ ተማሪዋ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ማይክሮባዮሎጂ ማስተርስ አንደኛ አመት ነኝ፣ አንድ ነገር አልገባ ብሎኛልና በደንብ የገባው ሰው ያስረዳኝ። ዲግሪ ላይ የጂን ቁጥጥር ብለን የተማርነው በቃ ላክ ኦፔሮን ነበር፣ ሪፕሬሰር ሚባል ፕሮቲን ዲኤንኤው ላይ ቁጭ ይላል፣ ላክቶስ ሲመጣ ይነሳል፣ አለቀ። አሁን ግን ሌክቸረራችን ሪቦስዊች ሚባል ነገር ስላይድ ላይ አሳየንና ኤምአርኤንኤው (ከጂኑ የተቀዳው መልእክት) ራሱ ትንሽ ሞለኪውል ይዞ ራሱን ያጠፋል፣ ፕሮቲን የለበትም ብሎን አለፈ። እንዴት ሆኖ? አርኤንኤ መልእክት ተሸካሚ ነው ስንባል አይደል እንዴ የኖርነው። ሳልጨርሰው ደሞ ቀጣዩ ስላይድ ላይ ሳይክሊክ ዲ-ጂኤምፒ መጣ፣ ሲግናል ነው አለ፣ ኮረም ሴንሲንግ ማለት እሱ ነው ወይስ ሌላ ነው? ሶስቱም ጭንቅላቴ ውስጥ ተደባልቀዋል። ፈተናው ቅርብ ነው ግን ለፈተናው ብቻ አይደለም፣ እውነት ገርሞኝ ነው።

ፒፔት በእጄ፦
እህቴ መጀመሪያ ሶስቱን ነጣጥለሽ አስቀምጫቸው። ሪቦስዊች የኤምአርኤንኤው መነሻ ላይ፣ የፕሮቲኑ ኮድ ከመጀመሩ በፊት ያለ ቁራጭ ነው። ሳይክሊክ ዲ-ጂኤምፒ ሴሉ ውስጥ ተሰርቶ እዛው ውስጥ ሚሰራ ትንሽ ሞለኪውል ነው። ኮረም ሴንሲንግ ደሞ ባክቴሪያዎቹ ወደ ውጪ ሚለቁት ሞለኪውል ሲጠራቀም ስንት እንደሆኑ ሚያውቁበት ዘዴ ነው። ይገናኛሉ፣ ግን አንድ አይደሉም።

ወደ አርኤንኤው ስንመጣ፣ ነጠላ ሰንሰለት ስለሆነ ተዘርግቶ አይቀመጥም፣ ፊደሎቹ እርስ በርስ እየተጣመሩ ይተጣጠፋል፣ ሲተጣጠፍ ኪስ ይፈጠራል፣ ኪሱ ውስጥ አንድ የተወሰነ ሞለኪውል ልክክ ብሎ ይገባል። ኪሱን አፕታመር ይሉታል። ከሱ ቀጥሎ ያለው ክፍል ደሞ ኪሱ ሲሞላና ባዶ ሲሆን ቅርጹን ይቀያይራል፣ ጂኑ ይብራ ወይ ይጥፋ ሚወሰነው እዛ ጋ ነው። ለምሳሌ ኢ ኮላይ ሚባለው ባክቴሪያ ላይ ታይ-ኤም ሚባል ጂን አለ፣ ስራው ከቫይታሚን ቢ1 ጋር የተያያዘ ነው። ቢ1 ሴሉ ውስጥ ሚሰራው ቲፒፒ በሚባል መልኩ ነው። ቲፒፒው ሲበዛ ራሱ ሄዶ የታይ-ኤም ኤምአርኤንኤ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ያኔ አርኤንኤው ይታጠፍና ራይቦዞም (ፕሮቲን ሰሪው ማሽን) ሚያርፍባትን ቦታ፣ ሻይን-ዳልጋርኖ ሚሏትን፣ ይሸፍናታል። ራይቦዞሙ ማረፊያ ካጣ ፕሮቲን የለም። በቂ አለን አትልፉ ማለት ነው በአጭሩ፣ ሪፕሬሰር ፕሮቲን ሚባል እዚ ውስጥ አንድም የለም።

ባሲለስ ሰብቲሊስ ሚባለው ባክቴሪያ ላይ ደሞ ሌላ መንገድ ታገኛለሽ። ቫይታሚን ቢ2 ሚሰሩት ጂኖች ፊት ላይ ኤፍኤምኤን ሚይዝ ኪስ አለ፣ ኤፍኤምኤን ከቢ2 ሚሰራ ነገር ነው። እዛ አርኤንኤ ላይ ከሁለት ቦታ ከአንዱ ጋር መጣመር ምትችል ቁራጭ አለች። ኤፍኤምኤን ከሌለ ከፊተኛው ጋር ትጣመርና ከዲኤንኤው ሚቀዳው ኮፒ ይቀጥላል፣ ኤፍኤምኤን ከገባ ግን ፊተኛው ለኪሱ ስለተያዘ ከኋለኛው ጋር ሄርፒን (እንደ ፀጉር ማስያዣ የታጠፈ ቅርጽ) ትሰራለች፣ ከሄርፒኑ ኋላ ዩ ዩ ዩ እያለ ሚደረደር አለ፣ ፖሊመሬዙ (አርኤንኤውን ሚጽፈው ኢንዛይም) እዛ ሲደርስ ይላቀቃል። ጂኑ ገና ሳይጻፍ ተቋረጠ። ስለዚ ፈተና ላይ ትራንስክሪፕሽን (አርኤንኤው ሲጻፍ) ነው ትራንስሌሽን (ፕሮቲኑ ሲሰራ) ሚቆጣጠረው ካሉሽ መልሱ ሁለቱም ነው፣ እንደ ስዊቹ ይለያያል።

አንድ ስላይድ ላይ ማይጻፍ ነገር ልጨምርልሽ፣ ጊዜ። ፖሊመሬዙ በሴኮንድ ከ20 እስከ 80 ፊደል ገደማ እየጻፈ ነው ሚሄደው፣ ኪሱ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ማቋረጫው ጋ እስኪደርስ ያለው ጥቂት ሴኮንድ ነው፣ በዛች ጊዜ ውስጥ ኤፍኤምኤን ካልገባ ዕድሉ አመለጠ። 2005 ላይ ይሄን የለኩ ሰዎች ያገኙት ሚገርም ነው፣ ኪሱ ኤፍኤምኤንን በናኖሞላር (በጣም ትንሽ) መጠን አጥብቆ ይይዛል፣ ስዊቹ እንዲሰራ ግን ከዛ በጣም ሚበልጥ ኤፍኤምኤን ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም መያዝና መልቀቁ ተረጋግቶ ሚዛን እስኪይዝ ፖሊመሬዙ ቆሞ አይጠብቅም። መንገድ ላይ ቆም ሚልባቸው ቦታዎች አሉ፣ እነሱ ትንሽ ፋታ ይሰጣሉ እንጂ። ለኔ ከሁሉም በላይ ደስ ሚለው ክፍል ይሄ ነው።

ደረቅ ጥያቄ፦
ኧረ ቆይ ቆይ። 4 ፊደል ብቻ ያለው ነገር እንዴት አርጎ ነው ጉዋኒንን ከአደኒን ሚለየው? ፕሮቲን 20 አሚኖ አሲድ ይዞ እንኳ አንዳንዴ ይሳሳታል። ደሞስ ማን አየው? ሴሉ ውስጥ ያልታወቀ ፕሮቲን ተደብቆ እየያዘላቸው ቢሆንስ? ወረቀት ላይ ያማረ ታሪክ እንዳይሆን ብዬ ነው።

ፒፔት በእጄ፦
ጥያቄው እንደ ስምህ ደረቅ አይደለም፣ ሪቪወሮችም ሚጠይቁት ይሄንኑ ነው። ያሳዩበት ዘዴ ኢንላይን ፕሮቢንግ ይባላል፣ በጣም ቀላል ነው። አርኤንኤ ዝም ብለህ ብትተወው ቀስ እያለ ራሱ በራሱ ይሰበራል፣ ሚሰበረው ግን ልቅ የሆነው ቦታ ላይ ነው፣ ተጣጥፎ የተያዘው ቦታ ይቆያል። ስለዚ አርኤንኤውን ላብ ውስጥ ትሰራለህ፣ አንዱ ጫፉ ላይ ራዲዮአክቲቭ ፎስፈረስ ታስርበታለህ፣ ፒኤች 8.3፣ ማግኒዚየም 20 ሚሊሞላር፣ 25 ዲግሪ ላይ 40 ሰአት ገደማ ታስቀምጠዋለህ፣ አንዱ ቱቦ ቫይታሚኑ አለበት አንዱ የለበትም። ከዛ ጄል ላይ ትነዳዋለህ። ቫይታሚኑ ባለበት መስመር ላይ የሆኑ ባንዶች ደብዝዘው ታያለህ፣ ድሮ ልቅ የነበሩት ቦታዎች ኪሱን ለመስራት ስለተያዙ ነው። መጠኑን ደረጃ በደረጃ እየጨመርክ ስትሄድ ባንዱ ደረጃ በደረጃ እየጠፋ ሲሄድ በአይንህ ታየዋለህ፣ ቱቦው ውስጥ ደሞ አርኤንኤ፣ ጨው፣ ቫይታሚን፣ በቃ። ተደብቆ ሚይዝ ፕሮቲን ከየት ይመጣል?

ጉዋኒንና አደኒንን ስለመለየት ያልከው ላይ፣ የፒዩሪን (ጉዋኒንና አደኒን ፒዩሪን ይባላሉ) ስዊቹ ኪስ ውስጥ 74 ቁጥር ላይ ያለችው ፊደል ሲ ከሆነች ጉዋኒን ይይዛል፣ ዩ ከሆነች አደኒን ይይዛል፣ ያው ዲኤንኤ ላይ ጂ ከሲ፣ ኤ ከቲ እንደሚጣመረው ነው። ሲዋን ወደ ዩ ሲቀይሯት ስዊቹ ጉዋኒንን ትቶ አደኒን መያዝ ጀመረ። 4 ፊደል አነሰ ምትለው እንዲህ ለመሰለ ሞለኪውል አይሰራም፣ መጣመር እኮ የአርኤንኤ ዋና ስራው ነው።

የድሮው መምህር፦
ልጆች ጥሩ ይዛችኋል፣ እኔ ደግሞ ከታሪኩ ትንሽ ልጨምር። ይህች ተማሪ ላክ ኦፔሮንንና አርኤንኤን ተቃራኒ አድርጋ ነው የጠየቀችው፣ ነገሩ ግን እንደዚያ አልነበረም። ዣኮብና ሞኖ በ1961 ያንን ዝነኛ ጽሑፍ ሲጽፉ ሪፕሬሰሩ ምን እንደሆነ በእጃቸው አልነበረም፤ አርኤንኤ ሊሆን ይችላል ብለው ገምተው ነበር። ጊልበርትና ሙለር-ሂል በ1966 የላክ ሪፕሬሰሩን ለይተው ፕሮቲን መሆኑን ሲያሳዩ የአርኤንኤው ሐሳብ ተረሳ። እኛም ተማሪ ሆነን ተቆጣጣሪ ሲባል ፕሮቲን ነው ብለን ተቀበልን፣ ተቀብለንም ለናንተ አስተማርን።

ከዚያ በ2002 የሮን ብሬከር ቡድን ከዬል፣ የየቭጌኒ ኑድለር ቡድን ደግሞ ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ በየፊናቸው ይህንኑ አወጡ፤ የቢ12፣ የቢ1 እና የኤፍኤምኤን ስዊቾች በዚያው ዓመት ተገለጡ። የቢ1ኛው ኋላ በሻጋታና በዕፅዋት ውስጥም ተገኝቷል። እነዚህ ሞለኪውሎች ከፕሮቲን በፊት ነበረ ከሚባለው የአርኤንኤ ዘመን የተረፉ ናቸው የሚሉ አሉ፤ ሐሳቡ ደስ ይላል፣ እኔ ግን ፈተና ላይ እንደ ተረጋገጠ ነገር ብትጽፉት ነጥብ እቀንስ ነበር።

የማይክሮ ተማሪዋ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ቢያስተምሩኝ ኖሮ እዚ መጥቼ አልጠይቅም ነበር 😅 የመጀመሪያው ገባኝ። ሳይክሊክ ዲ-ጂኤምፒውስ? እሱ ደሞ የትኛው ስዊች ውስጥ ነው ሚገባው?

ፒፔት በእጄ፦
እሱ የኔ ሰፈር ነው፣ ስለዚ ከረዘመ ይቅርታ። ጂቲፒ ሚባሉ ሁለት ሞለኪውሎች ተጋጥመው ቀለበት ሲሰሩ ሳይክሊክ ዲ-ጂኤምፒ ይሆናል። ሰሪዎቹ ኢንዛይሞች ላይ ጂጂዲኢኤፍ ሚባል ክፍል ታገኛለሽ፣ አፍራሾቹ ላይ ኢኤኤል ወይ ኤችዲ-ጂዋይፒ። መጀመሪያ ያገኙት 1987 ላይ ኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሞሼ ቤንዚማን ቡድን ነው፣ ያኔ ሚያጠኑት ሴሉሎስ ሚሰራ ባክቴሪያ ነበር፣ ሴሉሎስ ሰሪውን ኢንዛይም ምን እንደሚያነቃው ሲፈልጉ ይሄ ቀለበት ወጣ። ለብዙ አመት የዛች ባክቴሪያ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ተቀመጠ፣ የጂኖም ሲኩዌንስ ሲበዛ ግን ሰሪና አፍራሽ ኢንዛይሞቹ በየባክቴሪያው ተገኙ።

በጥቅሉ መጠኑ ከፍ ሲል ባክቴሪያዋ መዋኘት ትታ ትለጠፋለች፣ ባዮፊልም (ተጣብቀው ሚኖሩበት ሽፋን) ትሰራለች፣ ዝቅ ሲል ጭራዋን አስነስታ ትሄዳለች። የኮሌራዋን ባክቴሪያ ቪብሪዮ ኮሌሬን ውሰጂ፣ ይሄን አንድ ሞለኪውል ሚሰሩና ሚያፈርሱ ኢንዛይሞቿ ከ50 በላይ ናቸው። ለአንድ ሞለኪውል 50! ውሃ ውስጥ ስትሆን መጠኑ ከፍ ይልና የባዮፊልም ጂኖቿ ይበራሉ፣ አንጀት ውስጥ ስትገባ ይወርድና የመርዙ ጂኖች ይበራሉ።

አሁን ስዊቹ ጋ ደረስን። 2007 ላይ በኮምፒውተር የብዙ ባክቴሪያ ጂኖም ሲፈትሹ ጌም ብለው የሰየሙት አንድ የአርኤንኤ ቅርጽ ደጋግሞ ይመጣ ነበር፣ ምን እንደሚይዝ ግን አልታወቀም። 2008 ላይ የብሬከር ቡድን ሚይዘው ሳይክሊክ ዲ-ጂኤምፒ መሆኑን አሳየ። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ፣ ከዛ በፊት የነበሩት ስዊቾች ባብዛኛው ቫይታሚን፣ አሚኖ አሲድ፣ ፒዩሪን ሚይዙ ነበሩ፣ ማለትም በቂ አለ የለም ሚሉ። ይሄኛው ግን ትእዛዝ ነው ሚያነበው፣ ተለጠፊ ወይስ ሂጂ። ኮሌራ ላይ አንዱ ጌም ጂቢፒኤ ከሚባል ጂን ፊት ላይ ነው ያለው፣ የዛ ጂን ፕሮቲን ደሞ ባክቴሪያዋ ካይቲን ላይም አንጀት ላይም እንድትጣበቅ ሚረዳት ነው። ሰሪ ኢንዛይም ቀለበቱን ሰራ፣ ቀለበቱ አርኤንኤው ኪስ ውስጥ ገባ፣ ማጣበቂያው ፕሮቲን ላይ ተወሰነ። ሁለቱ ስላይዶችሽ ሚገናኙት እዚ ጋ ነው።

2010 ላይ ደሞ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል ሚባለው ባክቴሪያ ላይ ሁለተኛ አይነት ተገኘ፣ እሱ ጭራሽ ራሱን በራሱ ሚቆርጥ ኢንትሮን (ከአርኤንኤው ተቆርጦ ሚወጣ ቁራጭ) አጠገብ ተቀምጧል፣ ሳይክሊክ ዲ-ጂኤምፒ ሲኖር ኢንትሮኑ የት ጋ እንደሚቆረጥ ይቀየራል፣ በትክክለኛው ቦታ ከተቆረጠ ተለያይተው የነበሩት የራይቦዞም ማረፊያ ቁራጮች ይገጣጠማሉ። ምንም ልበል፣ እሱን ስታነቢ ቡና ይዘሽ ተቀመጪ።

ኮረም ሴንሲንግ እዛው ኮሌራ ላይ አለልሽ። ቁጥራቸው ጥቂት ሲሆን ኪውአርአር ሚባሉ ትንንሽ አርኤንኤዎች ይሰራሉ፣ እነሱ ኤችኤፍኪው ከሚባል ፕሮቲን ጋር ሆነው ሃፕ-አር ሚባለውን ተቆጣጣሪ ፕሮቲን ኤምአርኤንኤ ያፍኑታል። ሲበዙ ኪውአርአሩ ይቆምና ሃፕ-አር ይወጣል፣ ባዮፊልሙንም በሽታ ማምጫውንም ያጠፋል፣ የሳይክሊክ ዲ-ጂኤምፒውንም መጠን ያወርዳል። ኪውአርአር ሪቦስዊች አይደለም በይ፣ ራሱን የቻለ አርኤንኤ ሆኖ ሌላ አርኤንኤ ላይ ሄዶ ሚጣመር ነው። እዚ ላይ ብዙ ተማሪ ይወድቃል።

የድሮው መምህር፦
ካይቲን ሲባል የት ነው ያለው ለሚል ሰው፣ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ኮፔፖድ የሚባሉ ደቃቅ ፍጥረታት ቅርፊት ነው። የኮሌራ ባክቴሪያ እነሱ ላይ ተለጥፋ ትኖራለች። ሪታ ኮልዌልና ባልደረቦቿ ይህን ይዘው ባንግላዴሽ መንደሮች ውስጥ ሴቶች ውሃ ሲቀዱ አሮጌ የሳሪ ጨርቅ አራት አምስት ጊዜ አጥፈው እንዲያጠልሉበት አደረጉ። ነጠላዋን ባክቴሪያ ጨርቅ አይዛትም፣ የተለጠፈችበትን ኮፔፖድ ግን ይይዘዋል። በ2003 ያወጡት ውጤት ኮሌራው በ48 በመቶ ቀነሰ የሚል ነበር። ውሃ ማፍላትን የሚተካ አይደለም፣ ማገዶ ለሌለው ግን ብዙ ነው። ኮሌራ ለኛም ሩቅ በሽታ ስላልሆነ ነው ያነሳሁት።

የወንጂ ልጅ፦
ሳይንሱ ከኔ በላይ ነው ግን አንድ ቦታ ፍሎራይድ ሚይዝ አርኤንኤ አለ ሲባል ሰምቼ ነበር፣ እውነት ነው? ወንጂ ነው ያደኩት፣ ጥርሴን ያየ ሰው ሁሉ ሲጋራ ታጨሳለህ እንዴ ይለኛል፣ የጉድጓዱ ውሃ ነው እያልኩ ሳስረዳ ነው የኖርኩት። ባክቴሪያ ከፍሎራይድ ሚድንበት ዘዴ ካለው ለኛም ይነገረን።

ፒፔት በእጄ፦
እውነት ነው ወንድሜ፣ 2012 ላይ ነው የተገኘው። ነገሩ እብደት ነው ምክንያቱም ፍሎራይድ ኔጋቲቭ ነው፣ አርኤንኤም ኔጋቲቭ ነው፣ መገፋፋት ነበረባቸው። አወቃቀሩ ሲታይ ሶስት ማግኒዚየም አዮኖች ፍሎራይዷን መሃል አድርገው ከበዋታል፣ አርኤንኤው ሚይዘው ማግኒዚየሞቹን ነው። ክሎራይድ እዛች ቦታ አይገባም፣ ትልቅ ነው። ፍሎራይድ ሲገባ ስዊቹ ይበራና ፍሎራይድን ወደ ውጪ ሚያስወጣ ቻናል ይሰራል። እኛ ጋ ያ ስዊች የለም። ጥርስ ሚበላሸው ደሞ ልጅ ሆነህ ኢናሜሉ ሲሰራ ነው፣ ካደገ በኋላ የተሰራውን አይመልሰውም፣ ስለዚ ልጆች ካሉህ የነሱን ውሃ ነው ምታስበው። የአለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ጉድጓድ ከዛ ያልፋል።

ደረቅ ጥያቄ፦
እሺ ተሸነፍኩ፣ አርኤንኤው ይይዛል። ግን ምን ይጠቅማል? ሰው ላይ ከሌለ እሱን ሚያጠፋ አንቲባዮቲክ ለምን አይሰሩም?

ከመድሃኒት ቤት፦
ሰርተው ሞክረዋል። 2015 ላይ መርክ ሚባለው የመድሃኒት ድርጅት ሪቦሲል ሚባል አወጣ። የቢ2 መስሪያ መንገድን ሚያቆም ነገር ፍለጋ ብዙ ሺ ኬሚካል ኢ ኮላይ ላይ ሲፈትሹ የተገኘው ሄዶ ኤፍኤምኤን ስዊች ላይ ሚቀመጥ ሆነ፣ ቅርጹ ኤፍኤምኤንን አይመስልም ግን ኪሱን ያታልለዋል፣ ባክቴሪያዋ ቢ2 ሞልቷል ብላ ማምረት ታቆማለች። አይጥ ላይም ሰርቷል። ችግሩ አርኤንኤው ላይ አንድ ፊደል ከተቀየረ መድሃኒቱ አይይዝም፣ ቢ2 ከውጪ መሳብ ምትችል ባክቴሪያም አለች። እስካሁን ሪቦስዊችን ታስቦ ተሰርቶ መደርደሪያችን ላይ የደረሰ መድሃኒት የለም።

ግን ተፈጥሮ ቀድማቸዋለች። ስትሬፕቶማይሲስ ዳቫዌንሲስ ሚባል ባክቴሪያ ሮዝኦፍላቪን ሚባል ቢ2 መሳይ መርዝ ትሰራለች፣ ሌላ ባክቴሪያ ውስጥ ሲገባ ይሄንኑ ስዊች ያጠፋዋል። እና ሚገርመው ሮዝኦፍላቪን ያለበት ሚዲያ ላይ ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ስትዘሩ ተርፈው ሚበቅሉት ብዙ ጊዜ ስዊቻቸው የተበላሸ ናቸው፣ ስዊቹ ስለማይጠፋ ቢ2 ያለ ገደብ ያመርታሉ። ጂን ኢንጂነሪንግ ሳይገባበት በዚ መንገድ የተመረጡ ባክቴሪያዎች ዳቦና ወተት ውስጥ ቢ2 ለመጨመር ተሞክረዋል።

የማይክሮ ተማሪዋ፦
ወይኔ! ታድያ ከእርሾ ላይ ለቅመን እንደዛ ማድረግ አይቻልም? እንጀራ ላይ ቢ2? ቴሲስ ቶፒክ እየፈለግኩ ነው እኮ 👀

ከመድሃኒት ቤት፦
ይቻላል ብዬ አስባለሁ ግን ቅደም ተከተሉን ያዢ። ሁሉም ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ቢ2 አይሰራም፣ ስለዚ መጀመሪያ የለቀምሻቸውን ቢ2 በሌለበት ሚዲያ ላይ ደጋግመሽ አሳድጊ፣ ማይበቅሉትን ተያቸው። የተረፉትን ነው ሮዝኦፍላቪን ላይ ምትዘሪያቸው። ከዛ ከቢ2 ጂኖቹ ፊት ያለውን ቁራጭ ብቻ ፒሲአር አርገሽ ሲኩዌንስ አስላኪ፣ ሙሉ ጂኖም አያስፈልግሽም። ቢ2 ምጣድ ላይ ሙቀቱን ይችላል፣ ብርሃን ነው ሚያጠፋው፣ ስለዚ ናሙናሽን ፎይል ጠቅልለሽ አስቀምጪ። ሮዝኦፍላቪኑ ከውጪ ነው ሚመጣው፣ ፕሮፖዛል ከመጻፍሽ በፊት ግዢ ክፍሉን ጠይቂ።